የሚንቀሳቀስ አካል በፈሳሽ ውስጥ፦ የትኛውን የስሌት ዘዴ እንምረጥ?

የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች በዚህ ጉዳይ ምክር ሲጠይቁ ብዙውን ጊዜ የሚነሡት ከሶፍትዌር ስም ነው። «አንሲስ ይሻላል ወይስ ኦፕንፎም?» ይላሉ። ጥያቄው አይከፋም፤ ቦታው ግን መጨረሻ ላይ ነው። የነፋስ ተርባይን ክንፍ፣ የልብ በር፣ የግድብ መዝጊያ፣ የአውሮፕላን ክንፍ ሁሉም አንድ ጠባይ ይጋራሉ፦ ፈሳሹ አካሉን ይገፋዋል፣ የተገፋው አካልም ቦታውን ለቅቆ የፈሳሹን መንገድ ይቀይርበታል። (እዚህ ፈሳሽ ስል አየርንም እጨምራለሁ።) ወደ ኮምፒውተር ሲገቡ ግን እነዚህ ጉዳዮች ፈጽሞ አይመሳሰሉም፤ ለአንዱ የሚበጀው ዘዴ ሌላውን በመጀመሪያው ሰከንድ ያፈርሰዋል።

ልዩነቱን የሚፈጥሩት ሁለት ጥያቄዎች ናቸው። አካሉ ከመጠኑና በዙሪያው ካለው ክፍተት አንጻር ምን ያህል ርቀት ይንቀሳቀሳል? ከከበበው ፈሳሽ ጋር ሲመዘንስ ምን ያህል ይከብዳል? የመጀመሪያው መልስ የስሌት መረቡን (ፈሳሹ ለስሌት የሚከፋፈልባቸውን የትናንሽ ሴሎች ስብስብ) ዓይነት ይወስናል። ሁለተኛው ደግሞ የፈሳሹ ስሌትና የአካሉ ስሌት እንዴት እንደሚነጋገሩ ይወስናል፤ ይህን ጥምረት እንለዋለን። እንደማየው ከሆነ አብዛኛው ጊዜ የሚባክነው ሁለቱን ውሳኔዎች በማደባለቅ ነው። መረቡ ሲቀደድ ጥምረቱን የሚቀይር አለ፤ ጥምረቱ ሲናወጥ ደግሞ መረቡን እያደቀቀ ሳምንታት የሚያሳልፍ አለ።

ሙሉው ስሌት የማያስፈልግበት ጊዜ

አንድ የብረት ምሰሶ ነፋስ ገፍቶት ጫፉ ጥቂት ሚሊሜትር ቢያዘነብል የነፋሱ አካሄድ አይለወጥም። የነፋሱን ግፊት አስልቶ ለምሰሶው ስሌት ማስረከብ ይበቃል፤ መልስ መጠበቅ አያስፈልግም። ይህ የአንድ አቅጣጫ ስሌት ነው። የመመረቂያ ጽሑፍ የሚያሳንስ መስሏቸው የሚሸሹት አሉ፤ በተገቢው ቦታ ግን ከማንም የማያንስ ምርጫ ነው።

ተገቢ ያልሆነው ቦታ የትኛው እንደሆነ ደግሞ የታኮማ ናሮውስ ድልድይ ያሳያል። በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት የነበረው ይህ ድልድይ ኖቬምበር 7 ቀን 1940 ሲወድቅ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ነፋሱ በሰዓት ወደ 64 ኪሎ ሜትር ገደማ ይነፍስ ነበር። በዚያ ፍጥነት የሚነፍስ ነፋስ የሚያሳድረው ቋሚ ግፊት ለድልድዩ ምንም አልነበረም። ድልድዩን የጣለው የራሱ መጠማዘዝ ከነፋሱ ኃይል እየቀዳ መቀጠሉ ነው። የአንድ አቅጣጫ ስሌት ይህን ሊያሳይ አይችልም፤ እንቅስቃሴው ወደ ፍሰቱ ስሌት ተመልሶ አይገባምና። ስለዚህ ቀጭን፣ ረጅምና ተጣጣፊ ነገር ካጋጠማችሁ የሁለት አቅጣጫ ስሌት ግዴታ ነው።

የሁለት አቅጣጫ ስሌት ማለት ግን የግድ ከባድ ስሌት ማለት አይደለም። በአዳማና በአሸጎዳ የቆሙትን የመሰሉ ተርባይኖች የሚነድፉ መሐንዲሶች ቢያንስ ለ20 ዓመት አገልግሎት እጅግ ብዙ የነፋስ ሁኔታዎችን መፈተሽ አለባቸው። ለእያንዳንዱ ሁኔታ አየሩን በሚሊዮን ሴሎች ከፋፍሎ ማስላት የማይታሰብ ስለሆነ ክንፉን በርዝመቱ እየቆራረጡ፣ ለእያንዳንዱ ቁራጭ አስቀድሞ የተለካ የማንሣትና የመጎተት ኃይል ይሰጡታል፤ የክንፉ መታጠፍም በዚያው ስሌት ውስጥ ይገባል። በአሜሪካ ብሔራዊ የታዳሽ ኃይል ቤተ ሙከራ የተሠራው ኦፕንፋስት የሚባለው ነፃ ሶፍትዌር መሠረቱ ይህ ነው። በአውሮፕላን ክንፍ ንዝረትም ቢሆን በ1969 የቀረበው ደብሌት ላቲስ የተባለ ዘዴ ዛሬም ሥራ ላይ ነው፤ የፈሳሹን ዝልግልግነት ከናካቴው ችላ ብሎ እንኳ ከድምፅ በታች ባለ ፍጥነት ጠቃሚ መልስ ይሰጣል። የእናንተ ጥያቄ በእነዚህ ከተመለሰ የቀረውን ጽሑፍ ባታነቡትም ቅር አይለኝም።

አካሉን የሚከተል መረብ

ከተሟሉት ዘዴዎች ቀድሞ የሚመጣው ኤ ኤል ኢ (አርቢትራሪ ላግራንዢያን ኦይለሪያን) በሚል ምሕጻረ ቃል የሚታወቀው ነው። ሥሩ በ1960ዎቹ በአሜሪካ የኑክሌር ምርምር ቤተ ሙከራዎች ውስጥ ነው፤ በስፋት የታወቀው ሂርት፣ አምስደንና ኩክ ከሎስ አላሞስ በ1974 ባሳተሙት ጽሑፍ ነው። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ የፈሳሹ መረብ ከአካሉ ገጽ ጋር ይጣበቃል። አካሉ ሲሄድ መረቡም አብሮ ይሄዳል፤ መካከል ያሉት ነጥቦች ደግሞ መረቡ እንዳይጨማደድ ቦታቸውን ያስተካክላሉ። የፈሳሹ ፍጥነት የሚለካው ከዚህ ተንቀሳቃሽ መረብ አንጻር ነው።

ትልቁ ጥቅሙ ግድግዳው በስሌቱም ውስጥ ጥርት ያለ ግድግዳ ሆኖ መቆየቱ ነው። ከአካሉ ገጽ አጠገብ ቀጫጭን ሴሎችን መደርደር ይቻላል፤ እነዚያ ሴሎችም ከአካሉ ጋር ስለሚጓዙ አይለያዩትም። ስለዚህ ፈሳሹ ገጹን ታክኮ ሲያልፍ የሚያሳድረውን ሰበቃ፣ ወይም ፍሰቱ ከክንፉ የሚላቀቅበትን ነጥብ ማወቅ የፈለገ ሰው ከዚህ የተሻለ አያገኝም።

ችግሩ እንቅስቃሴው ሲበዛ ነው። ሴሎቹ ይጣመማሉ፣ ይሾላሉ፣ በመጨረሻም የአንዱ ሴል ይዘት ከዜሮ በታች ይሆንና ስሌቱ ይቆማል። መፍትሔዎች አሉ። ትናንሾቹን ሴሎች ጠንካራ፣ ከአካሉ የራቁትን ትላልቆች ደግሞ ለስላሳ አድርጎ መጣመሙን ወደ ሩቅ መግፋት የመጀመሪያው ነው፤ ብዙ ርቀትም ይወስዳል። መረቡን ጥሎ አዲስ መሥራት ሌላው ነው። ይህኛው ግን ዋጋ አለው፦ ከአሮጌው መረብ ወደ አዲሱ የተቀዳ ፍጥነትና ግፊት ሁሉ ትንሽ ትንሽ ይሸራረፋል፤ በየጥቂት የጊዜ እርምጃው (ስሌቱ ጊዜን በሚቆራርጥበት አጭር ክፍል) መረብ የሚቀይር ስሌት ሲጨርስ የተሸረፈው ተጠራቅሞ ይታያል። ሁለት አካላት የሚነካኩ ከሆነ ደግሞ ኤ ኤል ኢ ብቻውን አይሆንም። በመካከላቸው ያሉት ሴሎች መሄጃ የላቸውም።

ይህን ዘዴ የመረጠ ሰው ማንም ሳያዘው አንድ ፈተና ማድረግ አለበት። አካሉን አውጥታችሁ በመላው መረብ ላይ አንድ ዓይነት ፍጥነት ስጡ፤ ከዚያ መረቡን እንደፈለጋችሁ አወዛውዙት። ፈሳሹን የሚነካው ነገር ስለሌለ ፍጥነቱ ቅንጣት መለወጥ የለበትም። ከተለወጠ ሶፍትዌሩ የሴሎቹን ይዘት ለውጥ ከመረቡ ፍጥነት ጋር አላስታረቀም፤ በዋናው ሥራ የምታዩት ንዝረትም የአካሉ ይሁን የመረቡ አታውቁም። ፈተናው ግማሽ ቀን አይፈጅም።

የማይንቀሳቀስ መረብ፣ ውስጡ የሚዋኝ አካል

ቻርልስ ፔስኪን በ1972 ያቀረበው ሐሳብ ከዚህ ተቃራኒ ነው። ጥናቱ የልብ በሮች ላይ ነበር፤ የልብ በር ደግሞ ይከፈታል፣ ይገጥማል፣ ቅጠሎቹ ቀጫጭን ናቸው። ለዚህ የሚሆን የሚከተል መረብ መሥራት ከባድ ስለሆነ መረቡን ጨርሶ ባለበት አቆመው። ፈሳሹ በቋሚ ባለ አራት ማዕዘን መረብ ላይ ይሰላል። አካሉ በላዩ የተበተኑ ነጥቦች ነው፤ ነጥቦቹ በፈሳሹ ፍጥነት ይወሰዳሉ፣ ሲለጠጡ የሚፈጥሩት ኃይል ደግሞ በዙሪያቸው ላሉ የመረብ ነጥቦች ይከፋፈላል። የጠለቀ ድንበር ዘዴ ልንለው እንችላለን።

መረብ አይቀደድም። ሁለት ቅጠሎች ቢገጥሙ፣ አካሉ ሙሉ ዙር ቢሽከረከር፣ መቶ ዓሣ አብሮ ቢዋኝ ስሌቱ ይቀጥላል። መረቡ ቀላል በመሆኑም ፈጣን የስሌት ስልቶችን መጠቀም ይቻላል። ይህን ሲሰማ የማይማረክ ተማሪ አላየሁም።

ክፍያው ድንበሩ ላይ ነው። ኃይሉ የሚከፋፈለው በጥቂት ሴሎች ስፋት ስለሆነ ግድግዳው ስለት ያለው መስመር ሳይሆን የደበዘዘ ሽንትር ይሆናል። ከቀጭን በር በአንዱ ወገን ከፍ ያለ፣ በሌላው ወገን ዝቅ ያለ ግፊት ሲኖር በመካከል ያለው ዝላይ ይለዝባል። የተዘጋው በርም በቁጥር ስሕተት የተነሣ ጥቂት ፈሳሽ ሊያሳልፍ ይችላል፤ የበር መፍሰስን ለማጥናት ለተነሣ ሰው ይህ ቀልድ አይደለም። የግድግዳ ላይ ሰበቃም በዚህ ዘዴ ሲሰላ በጥርጣሬ መታየት አለበት። አካሉ በጣም ግትር ከሆነ ደግሞ የጊዜ እርምጃው እጅግ ማጠር አለበት። ድንበሩን ስል የሚያደርጉ የኋላ ዘዴዎች አሉ፤ ከነዚህ አንዱ ሴሎቹን በአካሉ ገጽ ልክ ይቆርጣል። ቆርጦ የሚተዋቸው ቁርጥራጭ ሴሎች ግን የራሳቸውን ጣጣ ያመጣሉ።

በሁለቱ መካከል ስመርጥ የምከተለው ልማድ ይህ ነው፦ የአካሉ ጫፍ የሚሄደው ርቀት በአጠገቡ ካለው ግድግዳ ጋር ካለው ክፍተት ከግማሽ ካላለፈና መነካካት ከሌለ ኤ ኤል ኢን እጀምራለሁ። ካለፈ፣ ከፔስኪን ቤተሰብ እመርጣለሁ። ልማድ ነው፣ ሕግ አይደለም። የምትፈልጉት መልስ የግድግዳ ሰበቃ ከሆነ ከግማሽ አልፎም ከኤ ኤል ኢ ጋር መታገል ያዋጣል።

ክብደት ወሳኝ የሚሆንበት ውሳኔ

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄ። የፈሳሹንና የአካሉን እኩልታዎች ለየብቻ ፈትቶ መልስ መለዋወጥ ይቻላል፤ ወይም ሁሉንም በአንድ ትልቅ እኩልታ ውስጥ አስገብቶ በአንድ ጊዜ መፍታት ይቻላል። የመጀመሪያውን የተከፋፈለ፣ ሁለተኛውን የተዋሃደ እንበለው።

የተከፋፈለው ቀለል ያለ መልክ በየጊዜ እርምጃው አንድ ጊዜ ብቻ ይለዋወጣል፦ ፈሳሹ ግፊቱን ይሰጣል፣ አካሉ ተንቀሳቅሶ አዲስ ቦታውን ይመልሳል፣ ወደሚቀጥለው እርምጃ ይታለፋል። በአየር ውስጥ ላለ የአልሙኒየም ክንፍ ይህ ይሠራል። አልሙኒየም በሜትር ኩብ 2,700 ኪሎ ግራም ገደማ ሲመዝን አየር 1.2 ገደማ ነው፤ ክንፉ ከሁለት ሺህ ጊዜ በላይ ይከብዳል። ፈሳሹ ትንሽ ቢሳሳት ክንፉ ከቁብ አይቆጥረውም።

ደምና የደም ሥር ግን ሌላ ነገር ናቸው። ደም በሜትር ኩብ 1,060 ኪሎ ግራም ገደማ ነው፤ የሥሩ ግድግዳም ከዚያ ብዙ አይርቅም። በውሃ የጠለቀ ባዶ ጀሪካን ወዲያ ወዲህ ለማወዛወዝ የሞከረ ሰው የሚሆነውን ያውቃል፦ ክንድን የሚያደክመው ጀሪካኑ ሳይሆን አብሮት መንቀሳቀስ ያለበት ውሃ ነው። ሰበቃ በሌለው ፈሳሽ ውስጥ ፍጥነቱን የሚለውጥ ሉል ከገፋው ፈሳሽ ግማሽ ክብደት እንደተጨመረበት ሆኖ ይንቀሳቀሳል፤ ወደ ጎን የሚሄድ ሲሊንደር ደግሞ የገፋውን ያህል ሙሉውን። ይህ ተጨማሪ ክብደት ከአካሉ ክብደት ጋር ሲስተካከል ወይም ሲበልጥ አንድ ጊዜ ብቻ የሚለዋወጠው ጥምረት ይናወጣል። ትንሿ ስሕተት በየእርምጃው እየበዛች ትሄድና ከጥቂት እርምጃ በኋላ ቁጥሮቹ ይፈነዳሉ።

ካውሲን፣ ዠርቦና ኖቢሌ በ2005 ለደም ሥር በተሠራ ቀለል ያለ ሞዴል ላይ ይህን በሒሳብ አሳዩ፦ የፈሳሹና የግድግዳው እፍጋቶች (በሜትር ኩብ ያላቸው ክብደት) በተቀራረቡ፣ ሥሩም በቀጠነና በረዘመ ቁጥር ችግሩ ይብሳል። አብዛኛውን ሰው የሚያስተው የጊዜ እርምጃውን በማሳጠር የሚድን መምሰሉ ነው። አይድንም። ፈሳሹ የማይታመቅ ተብሎ ሲሰላ እርምጃው ባጠረ ቁጥር ጥምረቱ እንዲያውም ፈጥኖ ሊፈነዳ ይችላል፤ በሌላው የስሌት ዓለም የለመድነው መድኃኒት እዚህ መርዝ ነው። ስሌታችሁ እርምጃ ስታሳጥሩ ከበፊቱ ፈጥኖ ከፈነዳ የምትፈልጉት ጥፋት መረቡ ውስጥ የለም።

መውጫው በአንድ የጊዜ እርምጃ ውስጥ ሁለቱ እስኪስማሙ ደጋግሞ መለዋወጥ ነው። በየድግግሞሹ የአካሉን አዲስ ቦታ ሙሉ በሙሉ ከመቀበል የተወሰነውን ብቻ መቀበል ይረዳል፤ መጠኑን በእጅ ከመገመት ካለፉት ሁለት ድግግሞሾች የሚያሰላውን የኤይትከን ስልት መጠቀም ይሻላል። ጥቂት መስመር ኮድ ነው። ከዚያ የሚሻለው ያለፉትን ድግግሞሾች ሁሉ መዝግቦ የሚማረው የኳዚ ኒውተን ቤተሰብ ነው፤ ለደምና ለውሃ ጉዳይ እኔ በቀጥታ ወደዚህ እሄዳለሁ። በሙኒክና በሽቱትጋርት ዩኒቨርሲቲዎች የተገነባው ነፃው አገናኝ ሶፍትዌር ፕሪሳይስ ሁለቱንም ስልቶች ይዟል፤ ኦፕንፎምን ለፈሳሹ፣ ካልኩሊክስ የተባለውን ፕሮግራም ለአካሉ አድርጎ ያገናኛል። ገንዘብ ለሌለው ቤተ ሙከራ ከዚህ የተሻለ መነሻ አላውቅም።

የተዋሃደው ዘዴ የመናወጥ ችግር የለበትም። ነገር ግን ግዙፉን እኩልታ በብቃት ለመፍታት ልዩ የሒሳብ ዝግጅት ይፈልጋል፣ ማኅደረ ትውስታ ይበላል፣ አሮጌ ኮዳችሁንም ያስጥላችኋል። አነስ ላለ ባለ ሁለት ገጽታ ሥራ ኮምሶል የተባለው ሶፍትዌር በዚህ መንገድ ይሠራል፤ ለጀማሪም ምቹ ነው፣ ፈቃዱን የሚከፍል ካለ። ፈሳሹ ሙሉ በሙሉ በሚለጠጥ አካል ውስጥ ታሽጎ እየተሞላ ከሆነ፣ እንደ ሚነፋ ፊኛ፣ የተለመደው የተከፋፈለ ዘዴ ራሱ መግቢያ ያጣል፤ እዚያ ስለ ተዋሃደው በብርቱ አስቡ።

የቀሩት

ማዕበል ሲሰበር፣ ውሃ ከማጠራቀሚያ ሲገነፍል፣ ጎርፍ መዝጊያ ሲመታ መረብ አልባው ኤስ ፒ ኤች (ስሙዝድ ፓርቲክል ሃይድሮዳይናሚክስ) ተወዳዳሪ የለውም። በ1977 ለከዋክብት ጥናት የተፈጠረ ነው፤ ፈሳሹን በእኩልታ የሚነጋገሩ ቅንጣቶች አድርጎ ያየዋል። የውሃውን ላይኛ ገጽ ፍለጋ አትደክሙም፣ ቅንጣቶቹ ባሉበት ውሃው አለ። ግፊቱ ግን ይንጫጫል፤ የአንድን ነጥብ ግፊት በጊዜ ሥዕል ስታወጡ እንደ ሣር የቆመ መስመር ታያላችሁ። ጠቅላላ ኃይል ለማወቅ ይበቃል፣ ለሰበቃ ግን አላምነውም። በዚህ ዘዴ የሚሠራው ዱዋልኤስፊዚክስ የተባለ ሶፍትዌር ነፃ ነው፣ በአንድ የጨዋታ ግራፊክስ ካርድም ይሮጣል።

ላቲስ ቦልትዝማን የተባለው፣ ፈሳሹን በቋሚ መረብ ላይ ከነጥብ ወደ ነጥብ በሚሄዱ የቅንጣት ስርጭቶች የሚያሰላው ዘዴ፣ በግራፊክስ ካርድ ላይ ፈጣን ነው፤ ከፔስኪን ዘዴ ጋርም በደንብ ይጋባል። ለሚሽከረከር ነገር፣ ለሄሊኮፕተር ክንፍ ለምሳሌ፣ የሚደራረቡ መረቦች አሉ፦ አንዱ ከክንፉ ጋር ይዞራል፣ ሌላው ከበስተኋላ ይቆማል፣ በመካከል መረጃ ይቀዳዳሉ። ተርባይኑ አንድ ዘንግ ላይ ብቻ የሚዞር ከሆነ የሚንሸራተት መረብ ይበቃል፤ መደራረቡ ትርፍ ልፋት ነው።

መፈተኛው

ስቴፋን ቱሬክና ያሮስላቭ ህሮን በ2006 ያቀረቡት ፈተና ከላይ የለየናቸውን ሁለቱን ጥያቄዎች ለየብቻ ስለሚያጋልጥ እወደዋለሁ። ቁመቱ 0.41፣ ርዝመቱ 2.5 ሜትር በሆነ ባለ ሁለት ገጽታ ቦይ ውስጥ ሲሊንደር አለ፤ ከጀርባው 35 ሴንቲ ሜትር ርዝመትና 2 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ተጣጣፊ ምላስ ተያይዟል። በሁለተኛው ደረጃ ምላሱ ከፈሳሹ 10 ጊዜ ይከብዳል፤ ጫፉ ወደ ላይና ወደ ታች 80 ሚሊሜትር ገደማ ይወናጨፋል፣ በሰከንድ 2 ጊዜ ያህል። በሦስተኛው ደረጃ እፍጋቶቹ እኩል ናቸው፤ ጫፉ 34 ሚሊሜትር ገደማ ብቻ ይሄዳል፣ በሰከንድ 5.3 ጊዜ ያህል። ሁለተኛው መረቡን ይፈትናል፣ ሦስተኛው ጥምረቱን። በሁለተኛው ወድቃችሁ ሦስተኛውን ካለፋችሁ ጥምረቱን አትንኩት፣ የመረብ አንቀሳቃሹን ቀይሩ። የተገላቢጦሽ ከሆነ ደግሞ መረቡን ትታችሁ ጥምረቱን ቀይሩ። የመጀመሪያው ደረጃ የማይወዛወዝ ስለሆነ የግብዓት ፋይሉን ከማረም ያለፈ ጥቅም የለውም፤ እሱን አልፌአለሁ ብሎ መኩራት አይገባም።

የሩማቲክ የልብ ሕመም በአገራችን ወጣቶች ላይ ስለሚበዛ የልብ በር ማጥናት የሚፈልጉ የባዮሜዲካል ተማሪዎች አሉ። ለእነሱ ከላይ ያለው እንዲህ ይተረጎማል፦ እንቅስቃሴው ትልቅ፣ መነካካት ያለበት፣ ክብደቱም ከደም ጋር እኩል ነው፤ ሁለቱም ጥያቄዎች በከባዱ ወገን ወድቀዋል። ከፔስኪን ቤተሰብ ጀምሩ፤ በዚህ ዘዴ ፈሳሹና በሩ አንድ የፍጥነት መስክ ስለሚጋሩ የተጨማሪ ክብደቱ መናወጥ በተከፋፈለው መልኩ አይመጣባችሁም። የበሩን አከፋፈትና በእርሱ በኩል ያለውን የግፊት ልዩነት ጠይቁት። በቅጠሉ ገጽ ላይ ያለውን ሰበቃ የመመረቂያ ጽሑፋችሁ ዋና ውጤት አድርጋችሁ ግን አትመዝገቡ።

መብራት በሚቆራረጥበት ቦታ ለምትሠሩ አንድ ነገር ልጨምር። የተከፋፈለ ስሌት ሲቋረጥ ከተቀመጠበት የሚነሣው ሁለቱም ፕሮግራሞች በአንድ የጊዜ ነጥብ ላይ ካስቀመጡ ብቻ ነው። ኦፕንፎም በየ0.1 ሰከንድ፣ ካልኩሊክስ ደግሞ በሌላ ልክ እንዲያስቀምጥ ከታዘዘ ስሌቱ ሲነሣ አካሉ አንድ ቦታ፣ የፈሳሹ መረብ ሌላ ቦታ ይገኛል፤ የመጀመሪያው እርምጃ ላይ የሚታየው የግፊት ዝላይም ከዚያ የመጣ ነው። የማስቀመጫውን ልክ አስቀድማችሁ አንድ አድርጉ፤ ሆን ብላችሁ አንድ ጊዜ አቋርጡት፣ አስነሡት፣ ውጤቱን ካልተቋረጠው ጋር አመሳክሩት።